ሌምቪ፤ በባሕር ዳር ያለ አንድ የዴንማርክ ኮሙን ምድሩና አስተዳደሩ

ዴንማርክ በሰሜን አውሮጳ፣ ከጀርመን አገር በስተሰሜን የምትገኝ፣ ዩትላንድ በሚባለው ልሳነ ምድርና በብዙ ደሴቶች ላይ የተዘረጋች አገር ናት። ከ2007 ጀምሮ በ98 ኮሙኖች ተከፍላ ትተዳደራለች። ኮሙን የተባለው የአስተዳደር ክፍል በአማርኛ ማዘጋጃ ቤት ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ቢሆንም አንድ ታላቅ ልዩነት አለው። ማዘጋጃ ቤት የከተማ ብቻ አስተዳደር ሲሆን የዴንማርኩ ኮሙን ግን ከተማውንና ገጠሩን፣ ወደቡንና የእርሻውን መሬት በአንድ ምክር ቤት ሥር አጠቃሎ የያዘ ነው። በባልቲክ ባሕር ካሉት ከኤርትሆልመን ትናንሽ ደሴቶች በቀር፣ በዴንማርክ ምድር ከኮሙን ውጭ የሆነ ቦታ አይገኝም።

ከነዚህ ኮሙኖች አንዱ ሌምቪ ነው። ሀብቱም ሆነ የሕዝቡ ብዛት ከታላላቆቹ የሚያስቆጥረው አይደለም። ነገር ግን አንድ ትንሽ የአካባቢ አስተዳደር ከአቅሙ በላይ የሆነ ጎረቤት ሲኖረው፣ ይኸውም ባሕር ሲሆን፣ ሥልጣኑና ወጪው በማንና በማን መካከል እንደሚከፋፈል ለማየት ከሌምቪ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ምድሩና ወሰኑ

የሌምቪ ኮሙን በዩትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ይገኛል። ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን የነዋሪው ቁጥር 20 ሺህ አይሞላም። ከዚህም ሕዝብ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው፣ ስሙን ለኮሙኑ በሰጠው በሌምቪ ከተማ ይኖራል። በምዕራብ የሚያዋስነው ሰሜን ባሕር ነው፤ ዴንማርኮች ግን ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ስላለ የምዕራብ ባሕር ይሉታል። በሰሜን ሊምፍዮርድ የሚባለው ረጅም የባሕር ክንድ፣ በምሥራቅ የስትሩር ኮሙን፣ በደቡብ የሆልስተብሮ ኮሙን ያዋስኑታል። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ኒሱም ፊዮርድ የተባለው፣ ከባሕሩ በአንድ ቀጭን የአሸዋ መስመር ብቻ የሚለይ ጥልቀት የሌለው ውኃ አለ። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ወደ ምሥራቅ ካልሄደ በቀር ወደ የትም ቢዞር ብዙ ሳይራመድ ከውኃ ይደርሳል።

የምድሩን መልክ የሠራው በረዶ ነው። ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን አውሮጳን ክፍል የሸፈነው ታላቅ የበረዶ ንጣፍ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየገፋ መጥቶ በዩትላንድ መካከል ቆመ። የቆመበትም መስመር ከባሕሩ ጋር የሚገናኘው በዚሁ ኮሙን ውስጥ፣ ቦውቢየር በተባለው ገደል አጠገብ ነው። ከመስመሩ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ ያለው መሬት በረዶው ገፍቶ ያመጣው ጭቃና ድንጋይ ስለሆነ ኮረብታማና ለእህል የሚስማማ ነው። ከመስመሩ በስተደቡብ ያለው ግን ከበረዶው የቀለጠው ውኃ እያጠበ ያነጠፈው ሜዳና አሸዋማ መሬት ነው። የሌምቪ ከተማ በኮረብቶቹ መካከል ባለ ጥልቅ ጎድጓዳ ቦታ የተቆረቆረ በመሆኑ፣ በመንገድ የሚመጣ እንግዳ ከአፋፉ ላይ እስኪደርስ ድረስ ቤቶቹን አያይም፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ እስከ ወደቡ ይወርዳል።

የቦውቢየር ገደል 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በአናቱ ላይ በ1877 የተሠራ ቀይ የመብራት ግንብ ቆሟል። ከዚያ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የአገሩ ችግር ያለ ማብራሪያ ይታየዋል፤ ማዕበሉ የገደሉን እግር እየበላ አፈሩን ይወስዳል፤ አሸዋውም በውኃው ኃይል ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይጓዛል። የትራንስ መንደር ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከባሕሩ አፋፍ አጠገብ የቆመው ሠሪዎቹ የባሕር ትርኢት ወድደው አይደለም፤ ባሕሩ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየቀረበ ስለመጣ ነው።

ባሕር የከፈተው በር

ከቦውቢየር ወደ ሰሜን ሲሄዱ ኮረብታው ያበቃና ሃርቦረ የተባለው ዝቅተኛ ምድር ይጀምራል፤ እርሱም እየቀጠነ ሄዶ በሰሜን ባሕርና በሊምፍዮርድ መካከል እንደ ምላስ የተዘረጋ የአሸዋ መሬት ይሆናል። በጫፉ ላይ የቲቦሮን የዓሣ ወደብ አለ። ከወደቡ ባሻገር ባሕሩ ወደ ሊምፍዮርድ የሚገባበት የውኃ በር ይገኛል፤ ከውኃው ማዶ ያለው ምድር የጎረቤቱ የቲስተድ ኮሙን ነው። በመካከሉ የሚመላለስ ጀልባ መኪናና ሰው በጥቂት ደቂቃ ያሻግራል።

ይህ የውኃ በር ከጥንት የነበረ አይደለም። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊምፍዮርድ በምዕራብ በኩል በአሸዋ የተዘጋ፣ ወደ ባሕር የሚወጣው በምሥራቅ ብቻ የሆነና ውኃው ጨው የቀነሰ ነበር። በፌብሩዋሪ 1825 በተነሣው ታላቅ ማዕበል ባሕሩ የአሸዋውን መሬት ሰንጥቆ ገባ። በዚያች ሌሊት ከሊምፍዮርድ በስተሰሜን ያለው የዩትላንድ ክፍል ከዋናው ምድር ተለይቶ ደሴት ሆነ፤ እስከ ዛሬም ደሴት ነው። በሊምፍዮርድ ውስጥ የነበረው የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ጨው በገባበት ጊዜ አለቀ፤ ከእርሱ ይኖሩ የነበሩት ዓሣ አጥማጆችም ለችግር ተዳረጉ። ከዓመታት በኋላ ግን የባሕር ዓሣ በቦታው ገባ፤ መርከቦችም በአዲሱ መንገድ ከሌምቪ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ለመጓዝ ቻሉ። አንዱን ያደኸየ ማዕበል ሌላውን ባለጸጋ እንዳደረገ የአገሩ የታሪክ መጻሕፍት ሳይሸሽጉ ይተርካሉ።

የ1825ቱ በር አጌር ከተባለው መንደር አጠገብ የነበረ ሲሆን ቀስ በቀስ በአሸዋ እየተደፈነ ሄዶ በ1877 ፈጽሞ ተዘጋ። ከዚያ አስቀድሞ ግን በ1862 ሌላ ማዕበል ከእርሱ በስተደቡብ አዲስ በር ከፍቶ ነበር፤ ዛሬ የቲቦሮን በር የሚባለው ይኸው ነው። የዴንማርክ መንግሥት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ለማድረግ ሲደክም ኖሯል፤ አንደኛው በሩ ለመርከብ ክፍት እንዲሆን፣ ሁለተኛው በግራና በቀኝ ያለው ቀጭን መሬት በባሕር ተበልቶ እንዳያልቅ ነው። ሁለቱ አሳቦች ሁልጊዜ የሚስማሙ አይደሉም፤ በኋላ እንደሚታየውም ክርክሩ እስካሁን አላበቃም።

የድንጋይ ክንዶች

ከ1870ዎቹ ጀምሮ መንግሥት በባሕሩ ዳርቻ የድንጋይ ክንዶች መሥራት ጀመረ። እነዚህ ከአሸዋው ተነሥተው በቀጥታ ወደ ባሕሩ የሚገቡ፣ በየተወሰነ ርቀት የተደረደሩ የድንጋይና የሲሚንቶ ግንቦች ናቸው። ሥራቸው በውኃው ኃይል በዳርቻው የሚጓዘውን አሸዋ መያዝና የባሕሩን ሞገድ ከዳርቻው ማራቅ ነው። እያንዳንዱ ክንድ ቁጥር አለው፤ የአገሩ ሰዎችም ቦታን ሲጠቁሙ እንደ መንገድ ስም በቁጥሩ ይጠሩታል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ድንጋይና የሠራተኛው ስንቅ በአሸዋ ላይ በጋሪ የሚዘለቅ አልነበረም። ከቬምብ እስከ ሌምቪ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1879 ተመርቆ ነበርና በ1899 እስከ ቲቦሮን ተቀጠለ። እስከዚያ ድረስ ቲቦሮን የጥቂት ዓሣ አጥማጆች ጎጆ የነበረበት ስፍራ ነበር። ሐዲዱና የባሕር ሥራው ሰው አመጡበት፤ ከ1910ዎቹ ጀምሮ የተሠራው ወደብ ደግሞ ጀልባዎችን ሰበሰበበት። ከዚያ በፊት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ከአሸዋው ላይ በሰው ጉልበት ገፍተው ወደ ሞገዱ ያስገቡ፣ ሲመለሱም በሞገዱ መካከል አልፈው ይወጡ ነበር። በኖቬምበር 1893 በአንድ ቀን ማዕበል ከሃርቦረ ደብር ብቻ ከሃያ የሚበልጡ ወንዶች ሰጥመዋል። መታሰቢያቸው በሃርቦረ መካነ መቃብር ይገኛል። ወደብ ለሌላው ከተማ የንግድ ጥቅም ሲሆን ለዚህ ደብር ግን አስቀድሞ የነፍስ ጉዳይ እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ስለ ድንጋይ ክንዶቹ ሲነሣ 42ኛውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከ1950ዎቹ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተባይ መድኃኒት ከሚሠራ ፋብሪካ የወጣ የኬሚካል ቆሻሻ በዚህ ክንድ አጠገብ ባለው አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። መርዙ ወደ ባሕሩ እየሰረገ መገኘቱ ከታወቀ በኋላ ስፍራው በ2006 በመሬት ውስጥ በተተከለ የብረት ግድግዳ ታጠረ። ይህ መርዝ በኮሙኑ ወሰን ውስጥ ቢኖርም ኃላፊነቱ የኮሙኑ አይደለም፤ የተበከለ መሬትን የማጽዳት ግዴታ በሕግ የተሰጠው ከኮሙን በላይ ላለው ለክልሉ አስተዳደር ነው፤ ለአንድ ክልል ከሚቻለው በላይ የሆነውን ወጪ ደግሞ መንግሥት እንዲያግዝ ተደርጓል። አንድ ትንሽ የአካባቢ ምክር ቤት በደጃፉ ያለውን እንዲህ ያለ ሸክም ብቻውን ይሸከም ቢባል ትምህርት ቤቶቹን መዝጋት በግድ በሆነበት ነበር።

ምክር ቤቱና ከንቲባው

በዴንማርክ የአካባቢ ምርጫ የተጀመረው ለከተሞች በ1837፣ ለገጠር ደብሮች በ1841 በወጣ ደንብ ነው። በመጀመሪያ የመምረጥ መብት የባለ ሀብት ወንዶች ብቻ ነበር፤ በ1908 በወጣው ሕግ ግን ሴቶች በአካባቢ ምርጫ ለመምረጥና ለመመረጥ ቻሉ። የከተሞች ከንቲባ እስከ 1919 ድረስ በንጉሡ የሚሾም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። የኮሙኖች ራስን የማስተዳደር መብት በመንግሥት ተቆጣጣሪነት በሕግ እንደሚወሰን ሕገ መንግሥቱ ደንግጓል።

ገጠሩ ለብዙ ዘመን ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ትናንሽ የደብር ኮሙኖች ተከፋፍሎ ይኖር ነበር። በ1970 እነዚህ ተጠቃለው ከ300 የማይበልጡ ሆኑ። በ2007 ደግሞ 271 የነበሩት ወደ 98 ዝቅ አሉ፤ አውራጃ የሚመስሉት አማት የተባሉት አስተዳደሮች ፈርሰው በ5 ክልሎች ተተኩ። ሌምቪም ቀድሞ የሪንግኮቢንግ አማት ክፍል የነበረ ሲሆን የመካከለኛው ዩትላንድ ክልል ሆነ። በዚያው ዓመት የቲቦሮንና የሃርቦረ ኮሙን ለብቻው መቆሙ ቀርቶ ከሌምቪ ጋር ተዋሐደ። የማጠቃለሉ ሕግ ዋና አሳብ አዲስ ኮሙን ከ20 ሺህ ሰው ያላነሰ እንዲኖረው ነበር። ሌምቪ በዚያን ጊዜ ወደ 22 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ስለነበረው መስፈርቱን አሟልቶ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወጣቶች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ታላላቅ ከተሞች ስለሚሄዱ ቁጥሩ ከተባለው ልክ በታች ወረደ። ሕጉ ግን ሲዋሐዱ እንጂ ከዚያ በኋላ የሕዝብ ቁጥር ቀንሷል ተብሎ ኮሙን እንዲፈርስ አያዝም።

ምርጫ በየ4 ዓመቱ በኖቬምበር ወር በሦስተኛው ማክሰኞ ይደረጋል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ የዴንማርክ ዜጋ ሁሉ በሚኖርበት ኮሙን ይመርጣል፤ የአውሮጳ ኅብረትና የሰሜን አገሮች ዜጎች፣ እንዲሁም ሕጉ በወሰነው ዓመት ልክ በአገሩ የኖሩ ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች በዚህ ምርጫ ለመሳተፍ ይችላሉ። ለአገሪቱ ምክር ቤት በሚደረገው ምርጫ ግን ለውጭ አገር ዜጋ ይህ መብት የለም። የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ጎደሎ እንዲሆን፣ ከ9 እንዳያንስና ከዋና ከተማው በቀር ከ31 እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። መቀመጫዎቹ ለየፓርቲው በአገኘው ድምፅ መጠን ይከፋፈላሉ፤ ማንኛውም የአካባቢ ማኅበርም፣ ስለ አንድ ወደብ ወይም ስለ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ የቆመ ቢሆን እንኳ፣ የራሱን ስም ዝርዝር ለማቅረብ ይችላል።

ከንቲባውን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም። አዲሶቹ የምክር ቤት አባላት ተሰብስበው ከመካከላቸው አንዱን በድምፅ ብልጫ ይሰይማሉ። እዚህ ላይ ለአስተዳደር ሰዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው አንድ ደንብ አለ። የኮሙን ምክር ቤት ከተመረጠ በኋላ አራቱ ዓመት ሳይፈጸም አይበተንም፤ ከንቲባውም በጠባቡ ከተደነገጉ ሁኔታዎች በቀር ደጋፊዎቹ ስለከዱት ብቻ ከወንበሩ አይወርድም። ስለሆነም የተጣሉ ወገኖች ጠባቸውን ወደ አዲስ ምርጫ ሊወስዱት አይችሉም፤ እስከ ጊዜው ድረስ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው የግድ መነጋገር አለባቸው። በብዙ ኮሙኖች በጀት ከሞላ ጎደል በሁሉም ፓርቲዎች ስምምነት የሚጸድቀው ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ዴንማርኮች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ጠብ የማያውቁ ስለሆኑ አይደለም።

ከንቲባው የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ነው፤ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር የበላይ ሆኖ ይመራል፤ ማንኛውም ኮሙን እንዲኖረው በሕግ የታዘዘውን የገንዘብ ጉዳይ ኮሚቴም ይመራል። ትምህርት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ መንገድና አካባቢ የመሳሰሉት ጉዳዮች ለሌሎች ኮሚቴዎች ይከፋፈላሉ። ነገር ግን ከንቲባው በኮሚቴዎቹ ላይ አዛዥ ሚኒስትር አይደለም፤ እያንዳንዱ ኮሚቴ በሥራው ክፍል ራሱ ይወስናል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን የኮሚቴዎች ስብሰባ ዝግ ነው። በከንቲባው ሥር ኮሙናል ዲሬክተር የሚባል ዋና ሹም አለ፤ እርሱ በምርጫ የማይመጣና በምርጫ የማይሄድ የሥራ ሰው ነው።

መንግሥት ኮሙኖቹን የሚቆጣጠረው ሕግ መጣሱንና አለመጣሱን እንጂ ውሳኔው ብልህነት ያለው መሆኑን አይደለም። ሞኝነት ሕግ እስካልጣሰ ድረስ የሚቀጣው መራጩ ነው።

ገንዘቡና ሥራው

የኮሙኑ ዋና ገቢ ነዋሪዎቹ ከደመወዛቸውና ከትርፋቸው የሚከፍሉት የገቢ ግብር ነው። መጠኑን በየዓመቱ የሚወስነው ምክር ቤቱ ሲሆን በአገሪቱ በአማካይ ከመቶ 25 ያህል ይደርሳል። ከዚህ ሌላ የመሬት ግብር አለ። ባለጸጋ ነዋሪ የበዛባቸው ኮሙኖች ለድኾቹ የሚያካፍሉበት ሥርዓትም በሕግ ተደንግጓል፤ ሌምቪም ከሚሰጡት ሳይሆን ከሚቀበሉት ወገን ነው። በጀቱ ሁለት ጊዜ ተነብቦ ሳይዘገይ እስከ ኦክቶበር 15 መጽደቅ አለበት፤ ብድርም እንደ ልብ አይፈቀድም። በዚያው የግብር ወረቀት ላይ የቤተ ክርስቲያን ግብር ተጽፎ ቢገኝም፣ ገንዘቡ የኮሙኑ አይደለም፤ ለደብሩ ሕዝብ የሚውል ሆኖ በደብሩ ምእመናን የተመረጠ ሌላ ጉባኤ ያስተዳድረዋል።

በዚህ ገንዘብ ኮሙኑ የሕፃናት መዋያና ትምህርት ቤት ያቆማል፤ ለአረጋውያን በቤታቸው ሳሉ ነርስና ረዳት ይልካል፤ ሥራ ያጣውን ይረዳል፤ የአካባቢውን መንገድ ይጠግናል፤ ቤተ መጻሕፍት ይጠብቃል፤ የትኛው ቦታ ለእርሻ፣ የትኛው ለቤት እንደሚውልም በፕላን ይወስናል። እንዲህ ያለው የፕላን አሳብ ከመጽደቁ በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ለሕዝብ ይቀርባል፤ ተቃውሞ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቀርባል። ሆስፒታል ግን የክልሉ ሥራ ነው። በ2022 በሄርኒንግ አጠገብ ጎድስትሩፕ በተባለው ስፍራ አዲሱ ታላቅ ሆስፒታል ሲከፈት የአካባቢው የቀድሞ ሆስፒታሎች ሥራ ወደዚያ ተጠቃለለ፤ ከሌምቪ የሚሄድ ሕመምተኛ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የሐኪሞቹ ዕውቀትና መሣሪያው በአንድ ቦታ መከማቸቱ ጥቅም አለው፤ በቲቦሮን ጫፍ በሌሊት ለምጥ የተያዘች ሴት ግን ርቀቱን በሌላ መስፈሪያ ትለካዋለች።

ባሕሩን የሚመክተው ማን ነው?

የዴንማርክ ሕግ ስለ ባሕር ዳርቻ መከላከል የተነሣበት መሠረት ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ጠንካራ ይመስላል። ንብረቱን ከባሕር መጠበቅ በመጀመሪያ ደረጃ የባለ ንብረቱ ጉዳይ ነው፤ ከግድቡ የሚጠቀም ሰው ለግድቡ ይከፍላል። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ የመፍቀድ ሥልጣን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ኮሙኖች ተዛውሯል። ምክር ቤቱ አንድ ግድብ ለብዙ ቤቶች የሚጠቅም መሆኑን ካመነ፣ ባለቤቶቹ ፈቀዱም አልፈቀዱም እንዲሠራ ለመወሰንና ወጪውን ለማከፋፈል ይችላል። በዚህ ጊዜ ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው ጥያቄ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጭ ነው፤ ከውኃው አጠገብ ያለው ቤት ከፍ ብሎ ካለው ቤት ምን ያህል ይበልጥ ይጠቀማል ብሎ መመዘን ቀላል አይደለምና።

በምዕራቡ ዳርቻ ግን ይህ መሠረት ብቻውን አይሠራም። የሰሜን ባሕርን ሞገድ አንድ ገበሬ ወይም አንድ መንደር ሊመክተው አይችልም። ስለዚህ ከሎድቢየር እስከ ኒምንደጋብ ባለው 110 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው ዳርቻ ላይ መንግሥትና በዳርቻው ያሉት ኮሙኖች ለተወሰኑ ዓመታት በሚጸና ስምምነት ሥራውን በአንድነት ያካሂዳሉ፤ ከወጪው የሚበዛውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ኮሙኖቹም ድርሻ አላቸው፤ ከነሱም አንዱ ሌምቪ ነው። ሥራው ከ1980ዎቹ ወዲህ በብዛት የሚከናወነው በድንጋይ ሳይሆን በአሸዋ ነው። መርከቦች ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየጠቡ ወደ ዳርቻው ያፈሳሉ፤ በየዓመቱም በሚሊዮን የሚቆጠር ኪዩቢክ ሜትር ይፈስሳል። ዴንማርኮች ይህን ሥራ አሸዋ ማብላት ይሉታል፤ ባሕሩ ምድሩን ከሚበላ ይልቅ የቀረበለትን አሸዋ እንዲበላ ማለታቸው ነው። የፈሰሰው አሸዋ ከጊዜ በኋላ ተወስዶ ያልቃልና ሥራው ማብቂያ የለውም፤ በአንድ ዓመት ቢታጎል ባሕሩ የቀረውን ዕዳ በሚቀጥለው ይሰበስባል።

ይህን ሥራ የሚመራው የመንግሥት የባሕር ዳርቻ መሥሪያ ቤት የተቀመጠው በዋና ከተማው በኮፐንሀገን ሳይሆን በዚያው በሌምቪ ነው። ባሕሩን የሚያጠኑት መሐንዲሶች መስኮታቸውን ሲከፍቱ የሚያጠኑትን ነገር ነፋስ ይሰማሉ፤ የኮሙኑም ሰዎች አቤቱታ ለማቅረብ ሩቅ አይሄዱም። በ2020 በወደቡ ዳር የውኃና የአየር ጠባይ ለውጥ የሚጠናበት ክሊማቶሪዩም የተባለ ሕንፃ ተከፍቷል። ለአንድ ትንሽ ከተማ እንዲህ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ዕውቀት ብቻ ሳይሆኑ ደመወዝና ነዋሪም ናቸው።

ሌምቪ ከተማ ራሷ የምትፈራው ሞገድን ሳይሆን የውኃን መነሣት ነው። ብርቱ የምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ ባሕሩ በቲቦሮን በር ገብቶ በሊምፍዮርድ ውስጥ ይከማችና ከጀርባ ወደ ከተማዋ ይወጣል። በጃንዋሪ 2005 በሆነው ማዕበል የሊምፍዮርድ ከተሞች ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ከዚያም በኋላ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በሌምቪ ወደብ ዙሪያ የሲሚንቶ ግንብ ተሠራ። ግንቡን ከፍ አድርጎ መሥራት ለመሐንዲስ ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ወደቡን ከከተማው ዓይን ሳይጋርዱ መሥራቱ ነው። ስለዚህ ግንቡ ሰው የሚቀመጥበት ያህል ዝቅ ብሎ፣ በየመንገዱ አንጻር መተላለፊያ ተትቶለት ተሠራ፤ ማዕበል ሲጠበቅ መተላለፊያዎቹ በመዝጊያ ይዘጋሉ። የአገሩ ሰው በፈረንሳይኛ ቃል ለ ሙር እያለ በቀልድ ይጠራዋል፤ ግንቡ ማለት ነው።

የሌምቪ ግንብ ግን የሚጠብቀው ሌምቪን ብቻ ነው፤ ውኃው የሚገባበት በር ግን የሁሉም ነው። በ1946 የዴንማርክ ምክር ቤት የቲቦሮን በር በግድብ እንዲዘጋ ሕግ አወጣ፤ ብዙ ጥናትና ክርክር ከተደረገ በኋላ ሥራው ሳይፈጸም ቀርቶ በ1970 ሕጉ ተሻረ። በሩ ግን ባለበት አልቆመም፤ ከዚያ ወዲህ እየሰፋና እየጠለቀ ስለሄደ በማዕበል ጊዜ የሚገባው ውኃ በዝቷል። የባሕሩ ወለል ከፍ በሚልበት በዚህ ዘመን በሊምፍዮርድ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በሩ እንዲጠብ ይፈልጋሉ፤ የድንጋይ ክንዶችን በማስረዘም ማጥበብ እንደሚቻልም በመሐንዲሶች ተጠንቷል። የቲቦሮን ወደብ በበኩሉ ታላላቅ መርከቦች እንዲገቡለት በሩ ጥልቅ ሆኖ እንዲጠበቅ ይሻል፤ ብዙ ሰው የሚተዳደረው በወደቡ ነውና።

የሌምቪ ምክር ቤት ሁለቱንም ወገኖች በአንድ አዳራሽ አስቀምጧል። በ2007 ከተደረገው ውሕደት በፊት ሌምቪና ቲቦሮን በዚህ ነገር የሚከራከሩት እንደ ሁለት ኮሙኖች ነበር፤ ዛሬ በአንድ በጀት፣ በአንድ ከንቲባ ሥር ሆነው ይከራከራሉ። በሩ በራሱ ግን የኮሙኑ ንብረት አይደለም፤ የሚጠብበትንም ሆነ የሚጠልቅበትን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ገንዘቡም የሚመጣው ከኮፐንሀገን ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ የኮሙኑ ሠራተኞች የማዕበል ማስጠንቀቂያ በሰሙ ቁጥር በሌምቪ ወደብ ወርደው የግንቡን መተላለፊያዎች ይዘጋሉ። በዚያው ሰዓት በቲቦሮን ያሉ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በድርብ ገመድ ያስራሉ፤ የቲቦሮን መሬት ለስላሳ በመሆኑ በአንዳንድ ቦታ በዓመት በሚሊሜትር ልክ ወደ ታች እየሰጠመ ይሄዳል፤ መሥሪያ ቤቱም ይህን በየጊዜው እየለካ ይመዘግባል።